ከጸሎቱ በፊት መናገር የነበረብኝ

ጡረታ የወጣሁ ቀን መሥሪያ ቤቴ ጋቢ አለበሰኝ፤ ከጋቢው ጋር የግድግዳ ሰዓት ተሰጠኝ። ከእንግዲህ የሚያረፍድበት ቦታ ለሌለው ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል ብዬ ስቀልድ አዳራሹ ሳቀ። ቀጥሎ የገቢ ክፍሉ ኃላፊ፣ የልጄ እኩያ የሆነ ደስ የሚል ወጣት፣ ተነስቶ ንግግር አደረገ። «አቶ ማርቆስ በሽማግሌነት የተቀመጡበት የቤት ሽያጭ ላይ ገዢም ሻጭም ተጎድቶ አያውቅም። ሰው እሳቸውን ካየ ከዕዳ ነፃ ነው የሚለውን ክሊራንስ እንኳ አይጠይቅም ነበር» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ የያዝኩትን ቁርጥ ሥጋ ዳጣ ውስጥ ነክሬ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ «ምነው ሲያመሰግኑህ ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። ጫማው ጠቦኝ ነው አልኳት። ጫማው አልጠበበኝም። አፍሬ ነበር። ያ ልጅ ሲናገር እኔ የማስበው የዳዊትን እናት ነበር፤ ጎረቤቴ የነበረችውን፣ ሽማግሌ ሆኜ በተቀመጥኩበት ቤቷን የሸጠችውን። ስለ እሷ ከመናገሬ በፊት ግን ሥራውን ከማን እንደተማርኩ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በደንብ ተምሬ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ወላይታ ውስጥ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ገሱባ ነው። ከዱቦ አካባቢ የመጣሁ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኩ፣ የእጅ ጽሕፈቴ የሚያምር ልጅ ነበርኩ፤ የጽሕፈቴ ማማር የመሬት ግብር ሰብሳቢ አደረገኝ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም። መንገዱ ደግሞ በክረምት መኪናው እኛን ሳይሆን እኛ መኪናውን የምንወስድበት ነበር።

አለቃዬ አቶ አንጁሎ ይባሉ ነበር። አጭር ሰው ናቸው፤ በበጋም የዝናብ ካፖርት ይለብሳሉ፣ ከካፖርቱ ኪስ የተቆላ በቆሎ አይጠፋም። በገበያ ቀን ሾላው ሥር ጠረጴዛችንን ዘርግተን ስንቀመጥ ያልከፈለውን ሰው ከሩቅ ይለዩታል። የከፈለ ገበሬ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ያልፋል። ያልከፈለው ግን መንገድ አቋርጦ መጥቶ ስለ ልጆችህ፣ ስለ ላምህ፣ ስለ ወገብህ ሳይቀር ይጠይቅሃል። አቶ አንጁሎ የሰላምታውን ርዝመት ሰምተው በክርናቸው ነካ ያደርጉኝና «ይኼኛው የሦስት ዓመት አለበት» ይሉኝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናቸው።

አንድ ቀን እሳቸው በሌሉበት አንዱን ገበሬ አማቾቹ ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ ያልከፈልከው ይህን ያህል ነው አልኩት። ሰውየው በማግስቱ ፍየሉን ሸጦ ከፈለ። እኔ ኩራት ኩራት እያለኝ ለአቶ አንጁሎ ነገርኳቸው። በቆሏቸውን ማኘክ አቆሙ። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርግ። ሰውን ለብቻው ወደ ጥላው ወስደህ ንገረው። ሳትነግረው ግን ወደ ቤትህ አትሂድ። ሁለቱንም አድርግ» አሉኝ። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የተማርኩት። ሰው ፊት ማንንም ላለማዋረድ ስጠነቀቅ ኖርኩ፣ ጨዋ ተባልኩበትም። ሁለተኛው፣ ሳይነግሩ አለመሄድ የሚለው፣ ይከብዳል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በእኛ አገር ሽያጭ ያለ ጸሎት አያልቅም። ገዢና ሻጭ ሲስማሙ ሁሉም ብድግ ይላል፣ ሽማግሌው ይጸልያል፣ ከአሜን በኋላ አዲስ ነገር የሚያነሳ የለም፤ ማንሳት ወንድምህን መጠራጠር ነው፣ እግዚአብሔር ፊት ያለቀውን ማፍረስ ነው። አቶ አንጁሎ ይህን ስለሚያውቁ፣ ሽማግሌ ሆነው በተጠሩበት ሁሉ፣ ሰው ለጸሎት ሲነሳ እሳቸው ቁጭ እንዳሉ ይቀራሉ። «ገና ነው። ያልጨረስነው ነገር አለ» ይላሉ። ከዚያ የወሰኑን፣ የግብሩን፣ የወራሾቹን ነገር አንድ በአንድ ያስጨርሳሉ። የሚያጉረመርም አይጠፋም፤ እምነት የሌላቸው ሰው ናቸው የሚልም ነበር። ሁሉ ሲያልቅ ካፖርታቸውን አራግፈው ይነሱና «አሁን ጸልዩ» ይላሉ። በእሳቸው ጸሎት ያለቀ ሽያጭ ፍርድ ቤት ሲደርስ አላየሁም።

ከገሱባ በኋላ ቦዲቲ ትንሽ ቆይቼ ወደ ሶዶ ተዛወርኩ፤ ሥራዬም መሬት መሆኑ ቀርቶ ቤት ሆነ። የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ መተመን፣ ማስከፈል፣ ቤት ሲሸጥ ውዝፉን አጣርቶ ክሊራንስ መስጠት። ይህን ሥራ ወደድኩት። ቤት ለመገመት ሜትር ብቻ አይበቃም። ግድግዳውን በጣትህ አጥንት መታ መታ ታደርገዋለህ፤ የጭቃ ቤት ሲሚንቶ ተለስኖ ብሎኬት መስሎ ቢቆምም ድምፁ ያሳብቅበታል። በመስኮቱ ጥግ ልስኑ የተሰነጠቀበትን ትፈልጋለህ፣ ጭዱ እዚያ ብቅ ይላል። ጣሪያውን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ታየዋለህ፤ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ካለ ቆርቆሮው አርጅቷል። የባለቤቱን አፍ ደግሞ ከሁሉ በኋላ ትሰማለህ። አንድ ነጋዴ ከጓሮው የደረደራቸውን ሰርቪስ ክፍሎች ኪራይ ይሰበስብባቸው ነበርና «ሁሉም የልጆቼ መኝታ ነው» አለኝ። እያንዳንዱ በር ላይ የየራሱ ቁልፍና የየራሱ ቆጣሪ አለ። «ልጆችዎ እርስ በርስ አይተማመኑም ማለት ነው?» ስለው ሳቀና በሳምንቱ መጥቶ ከፈለ።

አለቆች መጥተው ሄዱ። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ አንድ ደግ ሰው ነበር፤ ከወላይትኛ የያዘው «ሳሮ» የሚለውን ሰላምታ ብቻ ስለነበር ሲገባም ሲወጣም፣ ሲቆጣም «ሳሮ» ነበር የሚለው። ሌላው ስብሰባ ካልጠራ ቁርሱ የማይፈጭለት ነበር። የመጨረሻው ያ ወጣት ነው፣ ኮምፒዩተር ያመጣው። ስለ ኮምፒዩተሩ ኋላ እመጣበታለሁ፤ አንድ ኃጢአት አሸክሜዋለሁ።

የዳዊት እናት ቤት ከእኔ ቤት ጎን፣ የዳሞታን ተራራ ከጀርባው ያደረገ ሰፈር ውስጥ ነበር። አጥራችን አንድ ነው። ባሏ አናጢ ነበር፤ ቤቱን በገዛ እጁ ሠርቶታል። ጭቃ ቤት ነው፣ ግን ስንት ብሎኬት ቤት በክረምት በሩ አብጦ አልዘጋ ሲል የእነሱ በሮች በአንድ ጣት ይከፈቱ ነበር። ለሥራ ልምዴ ስል አንዳንዴ በሩን ከፍቼ እዘጋው ነበር፤ ባልየው «ግብር እንዳትጨምርበት» እያለ ይስቅብኛል።

እሱ ሲሞት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ እያለቀሰች «የቢሮ ነገር ሁሉ በእሱ ነበር። እኔ የቢሮውን በር እንኳን አላውቅም» አለች። «እሱን አታስቢ፣ የዳዊት እናት። እኔ አለሁ» አልኳት። ለቅሶ ቤት የሚባል ነገር ነው። በልቤ ያሰብኩት፣ የግብር ጊዜ ሲደርስ ይዣት እሄዳለሁ፣ ሰልፍ አታይም የሚል ነበር። እሷ የሰማችው ግን እንዳለ ነው፦ አታስቢ፣ እኔ አለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት እንዳልከፈለች አየሁ፤ ሰፈራችን በእኔ ሥር ነበርና ላላይ አልችልም። ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም፣ ለከርሞ እነግራታለሁ አልኩ። ለከርሞ ጉልበቷን ታመመች። ከዚያ በኋላ የተቆለለው በዛና ለእሷ መንገር የራሴን ጥፋት መንገር ሆነ። በአጥሩ በኩል ጎመን ስታቀብለኝ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዶሮዎቿ፣ ስለ ልጆቿ አጥብቄ እጠይቃታለሁ። አንድ ቀን ራሴን ሰማሁት፤ ልክ እንደ ገሱባ ገበያ ሰዎች ሆኛለሁ። አቶ አንጁሎ ቢያዩኝ በክርናቸው የሚነኩት ሰው አያጡም ነበር።

ጉልበቷ እየባሰ ሲሄድ ቤቱን ሸጣ ገሱባ፣ ልጇ ታደለች ዘንድ ልትጠጋ ወሰነች። ታደለች እዚያ አስተማሪ ናት። ከታደለች ቤት አጥር የሚጋራ ትንሽ ቤት ለሽያጭ ወጥቶ ስለነበር የዳዊት እናት ቀብድ ሰጠችበት፤ ቀሪው እስከ ጊፋታ፣ እስከ ወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ እንዲከፈል ተስማሙ። ደስታዋን አልረሳውም። «አማቼ አጥሩን ከአሁኑ ቀዶ በር አወጣልኝ። ዞሬ እንዳልሄድ። ከአልጋዬ እስከ ልጄ ምድጃ ሃያ እርምጃ አይሞላም» አለችኝ።

ገዢው መስፍን የሚባል፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ሲነግድ ኖሮ የተመለሰ ጎልማሳ ነበር። ባንክ አልጠብቅም፣ ብድር የለብኝም፣ ጥሬ ገንዘብ በእጄ ነው፣ በዚህ ሳምንት እንጨርስ አለ። እንዲህ ያለ ገዢ ሲገኝ ሻጭ ይቸኩላል፣ ደላላ ከሻጭ በላይ ይቸኩላል። የዳዊት እናት ሽማግሌ ሁንልኝ አለችኝ። ከእኔ ሌላ ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ሽማግሌዎች ተጠሩ።

በዚያ ቀን ሳሎኗ ውስጥ ተቀመጥን። ዋጋው አለቀ። አብዛኛው ዛሬ፣ የቀረው ስሙ ሲዞር ተባለ። ደላላው «ግብሩስ?» ማለት ነበረበት፣ አላለም። መስፍን «ዕዳ ምናምን የለበትም አይደል?» ብሎ ጀመረና እኔን አየኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎ ተቀምጠው ምን እጠይቃለሁ» አለ። የዳዊት እናትም እኔን አይታ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ንጹሕ ነበር።

እዚያው ሰው ፊት ልናገር አልቻልኩም፤ በገዛ ቤቷ፣ በእንግዳ ፊት፣ ባለዕዳ ነሽ ልላት። ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ጠርቼ ልነግራት ወሰንኩና ከወንበሬ ተነሳሁ። ይህንን እምላለሁ፣ የተነሳሁት ለዚያ ነው። እሷ ግን መነሳቴን አይታ «እንግዲህ እንጸልይ» አለች። ሁሉም ብድግ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ትልቁ ሽማግሌ ጸለየ፣ ረጅም ጸሎት። ስለ ቤቱ፣ ስለ ገዢው መንገድ፣ ስለ እናታችን ጉልበት ለመነ። «የቢሮውን ሕግ በመካከላችን የሚጠብቅልንን ወንድማችንን ማርቆስን ስለሰጠኸን እናመሰግናለን» አለ። እኔ ዓይኔን ገልጬ የበሩን ጉበን አይ ነበር። አሜን ተባለ። እኔም አሜን አልኩ። መስፍን ቦርሳውን ከፈተ።

ከአሜን በኋላም አፍ ነበረኝ። ያን ማታ፣ በማግስቱ፣ በሳልስቱ በአጥሩ በኩል ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም። አንድ ነገር ይሆናል እያልኩ ቆየሁ፤ ምን እንደሚሆን ግን አላሰብኩም።

ስም ለማዞር ቢሮ መጡ። መዝገቡን የምትሠራው ልጅ ኮምፒዩተሩን ከፈተች፣ ውዝፉን ከነቅጣቱና ከነወለዱ አተመችው። ስሙ ሲዞር ይከፈላል ከተባለው ብር አብዛኛውን የሚበላ ነበር፤ የገሱባውን ቤት ቀሪ ዋጋ የሚሞላላት ደግሞ ያው ብር ነበር። የዳዊት እናት ወረቀቱን ማንበብ ስላልቻለች ለእኔ ዘረጋችው። «የሳራ አባት፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ኮምፒዩተሩ ነው ያወጣው። አዲሱ አሠራር የድሮውን ሁሉ ይቆጥራል» አልኳት።

«እንግዲህ ኮምፒዩተርን ማን ይለምነዋል» አለች። አመነችኝ። ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የሚያሳፍረኝ የለም። ዝምታዬን ጨዋነት ነበር እያልኩ ራሴን ማባበል እችላለሁ። ያኛው ግን ውሸት ነበር፣ ጥርት ያለ ውሸት፣ በሥራ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ።

ቀድማ በራሷ ብትመጣ ቅጣቱ እንዲነሳላት ማመልከት ይቻል ነበር፤ ለስንቱ ሰው ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። መስፍንም ደረጃው ላይ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ ያን ቀን ቢነግሩኝ እኮ ዋጋው ላይ ተነጋግረን እኔው እከፍለው ነበር። አሁን የቀረው ገንዘቤ ሲሚንቶና ብረት ሆኗል» አለኝ። በቁጣ አልተናገረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጊፋታ ቀርቦ ነበር። ከጊፋታ በፊት ወላይታ ውስጥ ብድር የሚገኝበት ቤት የለም፤ የሁሉም ሰው ገንዘብ ለቅርጫ በሬ ተዋጥቷል። የዳዊት እናት በር አንኳኳች፣ ጥቂት አገኘች። እኔም ያለኝን ሰጠኋት፤ እጄን ይዛ ባረከችኝ። የጎደለው ግን አልሞላም። የገሱባው ቤት ሻጭ እስከ በዓሉ ጠብቆ፣ ቀብዱን እንደያዘ፣ ቤቱን ለሌላ ሸጠ። ስምምነታቸው እንዲያ ነበርና በእሱ አልፈርድም።

ቀብዱ ቀርቶ፣ ብድሩ ተመልሶ በእጇ የቀረው ገንዘብ ቤት የሚገዛ አልነበረም። የታደለች ቤት ጠባብ ነውና ገሱባ ሄዳ ከገበያው በላይ አንድ ክፍል ተከራየች። ከዚያ እስከ ልጇ ቤት ቁልቁለትና ዳገት ነው። በዚያ ጉልበት አትመላለስበትም፤ ታደለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው የምታያት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ያ የግድግዳ ሰዓት ሳሎን ውስጥ ሲቆጥርብኝ ከረመ። አንድ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ገሱባ ወረድኩ። መንገዱ አሁንም ያው መንገድ ነው።

ስታየኝ ደስ አላት። ወንበሩን ለእኔ ለቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ሳራ፣ ስለ ሰፈሩ ጠየቀችኝ። «ቤቱን አፈረሰው አሉ?» አለች።

«አፈረሰው። በሮቹን ግን አልጣላቸውም፣ ለኪራይ ክፍሎቹ ገጠማቸው።»

«ጎበዝ። ጥሩ በር ናቸው» አለች።

የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረበች፤ ጎደሬው ይተናል። ከዚያ አንድ እጇን ግድግዳው ላይ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እያቃሰተች ተነሳች። «እንጸልይና እንብላ» አለች።

እኔ አልተነሳሁም። «ገና ነው፣ የዳዊት እናት። ያልጨረስኩት ነገር አለ» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝና ቀስ ብላ ተቀመጠች። ነገርኳት። ከድንኳኑ ጀምሬ፣ በየዓመቱ ዕዳውን ማየቴን፣ በዚያ ቀን ለምን እንደተነሳሁና ሳልናገር ለምን እንደቀረሁ፣ ኮምፒዩተሩ ያልኩት ውሸት መሆኑን። ስጨርስ ጎደሬው አይተንም ነበር።

«ያን ቀን ስትነሳ ለጸሎት መስሎኝ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለታደለችም፣ ለሰውም፣ ኮምፒዩተር ነው ስል ነው የኖርኩት። አንተን ሲያሙህ እኔ ነበርኩ የምቆጣው።» እጆቿን ቀሚሷ ላይ አሻሸች። አላለቀሰችም። «ዛሬ አልጸልይም» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ቀን ና።»

ይቅር በይኝ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፣ ተውኩት፤ መልሷን ሰጥታኛለች። ስወጣ በሩን ተደግፋ ቆመች። «በላይኛው መንገድ ሂድ፣ የታችኛው ጭቃ ነው» አለችኝ።

በላይኛው መንገድ ሄድኩ። መንገዱ የታደለችን ቤት ታክኮ ያልፋል። ከጎኑ ያቺ ትንሽ ቤት አለች፤ ገመዱ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ልብስ ተሰጥቷል። በሁለቱ ግቢ መካከል አማቿ ቀዶ ያወጣላት በር አሁንም አለ። ማንም ስለማይገባበት እሾህ ሞልተውበታል። ጥቂት ቆሜ አየሁትና ወደ መናኸሪያው ወረድኩ።